ያልተቀለደባት መምህርት

ዴልፊና አፓሳ መዳፍ በምታክለው መጽሔት ውስጥ ስሟን ፈለገችና አጣችው።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እንደገና ገለጠች። ጠረጴዛውን የከበቡት ባልደረቦቿ የሕትመት ናሙናውን እየተቀባበሉ ያነባሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ ይደገፋል። ሽማግሌው ማሴዶኒዮ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ይጠርጋል። ስለ እሱ የተጻፈው «መምህር ማሴዶኒዮ መስማት ያቆሙት ጡረታ የሚለውን ቃል የሰሙ ዕለት ነው» የሚል ነበር። ስለ ዋና አዘጋጁ ስለ ሌአንድሮ ኡሪዮስቴ ደግሞ «ጸጉሩ እንደ ኢሊማኒ ተራራ በረዶ በየዓመቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ መንስኤው የአየር ንብረት ይሁን ጭንቀት በጥናት ላይ ነው» ይላል። ፎቶ የምታነሳው ልጅ፣ ሒሳብ የምትይዘው ሴትዮ፣ ካርታ የሚስለው ሰውዬ፣ ሁሉም ድርሻውን አግኝቷል።

ስለ ዴልፊና ግን አንድ መስመር የለም።

ቀና አለች። ሌአንድሮ ከጠረጴዛው ማዶ ያያት ነበር። ዓይናቸው ሲገናኝ ፈገግ አለላት። «አየሽ፣ አንቺን አልነካሁሽም» የሚል ፈገግታ ነበር። ስጦታ የሰጠ ሰው ፈገግታ። 

በላ ፓዝ፣ በጥር በሚቆመው የአላሲታ ገበያችን ሰው የሚመኘውን በትንሹ ይገዛል። የክብሪት ሳጥን የምታክል ቤት፣ አውራ ጣት የምታክል መኪና፣ ጥፍር የምታክል ዲፕሎማ። ቀትር ላይ ያስባርከዋል፤ ትልቁን ዓመቱ ያመጣለታል። ጋዜጦችም በዚያ ሰሞን መዳፍ በሚያክል ወረቀት ይታተሙና ሌላ ጊዜ የማይደፈረውን ሰው ይደፍራሉ። «ምድርና መምህር» የጂኦግራፊ መምህራን የሙያ መጽሔት ነው፤ እሱም ከተመሠረተ ጀምሮ የራሱን ትንሽ እትም ሲያወጣ ኖሯል። የትንሿ እትም ሕግ አንድ ነው። ከዝግጅት ክፍሉ ውጭ ያለ ሰው አይነካም፣ ከዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው አያመልጥም። መሥራቹ ዶን ኤርናን፣ የሌአንድሮ አባት፣ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ «ዘንድሮ ስለ እኔ ምን ጻፋችሁ?» ብሎ ጠይቋል ይባላል።

ዴልፊና ይህን ሕግ ታውቅ ነበር። የነገራት ራሱ ሌአንድሮ ነው።

*

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ተለማምጣ አልነበረም። ኤል አልቶ ባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት ለመጽሔቱ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። «ስለ ራይን ወንዝ ሦስት ገጽ ትጽፋላችሁ» አለች፤ «በየክረምቱ የተማሪዎቼን ቤት ስለሚወስደው ጎርፍ አንድ መስመር የላችሁም። የምታስተምሩት የየትኛውን አገር ልጅ ነው?» ሌሎች አዘጋጆች መልስ ይጻፍላት ሲሉ ሌአንድሮ ስልክ ደወለላት። መልስ እንደሌለው፣ ወንበር ግን እንዳለው ነገራት። በነሐሴ መጣች።

ከተማችን ተገልብጣ የተሠራች ናት። በሌላው ዓለም ሀብታም ኮረብታ ላይ ይወጣና ድሃውን ቁልቁል ያያል። ላ ፓዝ ላይ ሀብታሙ ሙቀትና አየር ፍለጋ ወደ ሸለቆው ግርጌ ወርዷል፤ ድሃው ብርዱንና ነፋሱን ታቅፎ ጠርዙ ላይ፣ ኤል አልቶ ቀርቷል። ቁልቁል የሚያየው ድሃው ነው። ስላየ ግን የእሱ አይሆንም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያስተምረውም። ዴልፊና ግን ተማሪዎቿን በገመድ ላይ በምትንሳፈፈው ካቢን አሳፍራ ከላይ እስከ ታች ታወርዳቸዋለች። በየጣቢያው ከፍታውን፣ ዛፉን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ያስመዘግባሉ። ከዚያ የከተማቸውን ቁመት በወረቀት ላይ ይስላሉ። ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፦ ከፍታው ሲቀንስ ዛፉ ይበዛል።

የመጋቢቱ እትም ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ጸሐፊዎቹ የኤል አልቶ መምህራን፣ አዘጋጇ ዴልፊና። በመጽሔቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።

ፍቅሩም የመጣው በዚሁ ሥራ መሐል ነው። እሷ በአረንጓዴ ቀለም፣ እሱ በእርሳስ ያርማሉ፤ ወረቀቱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የኅዳጉ ማስታወሻ እየረዘመ ሄደ። በመጀመሪያ ስለ ነጠላ ሰረዝ ነበር። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ። ቀጥሎ «ትናንት ስብሰባው ላይ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?» የሚል በእርሳስ ተጽፎ መጣ፤ እሷም በአረንጓዴ «ስታወራ እየሰማሁህ ነበር» ብላ መለሰች። በጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ በኋላ አብሯት በካቢኗ ወጣ። ከላይ ሲደርሱ ከከፍታው የተነሣ ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳ ተደገፈ። ትኩስ የሐምራዊ በቆሎ አጥሚት ገዝታ አስያዘችው፣ እስኪሻለው ጠበቀችው። በረዶ የለበሰው ኢሊማኒ በማታ ፀሐይ ቀልቶ ነበር፤ አንዳቸውም አላዩትም።

እናቷ ዶኛ ባሲሊያ ሰውየውን ከሩቅ አይታ ማታ ልጇን ጠየቀቻት። ከታች የመጣ እንደሆነ ስትሰማ ብዙ አልተገረመችም። ከታች የመጣ ሰው መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እስኪለምድ መታገሥ ነው፣ አለቻት።

የእሱ እናት ግን አልሰማችም። እሱ አልነገራትም። የዝግጅት ክፍሉ ስብሰባ የሚደረገው በእሷ ቤት ነው፣ በሟቹ ዶን ኤርናን መጻሕፍት ቤት። ዴልፊና ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመጣ ስትል ዶኛ ኤልቪራ እንዳትጠፋ ብላ በእጇ የሳለችውን ካርታ ላከችላት። ለጂኦግራፊ መምህርት። ሰሜኑ ወደ ጎን ዞሯል፣ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ዴልፊና በአረንጓዴ ቀለም አርማ ልትመልስላት ከጅሏት ነበር፤ ተወችው። በሩ ላይም ዶኛ ኤልቪራ በደግነት «ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ላይ መውረድ አያደክምሽም?» ብትላት፣ መውረድ ማንንም አያደክምም፣ የሚያደክመው መውጣቱ ነው፣ ብላ መለሰችላት። ዶኛ ኤልቪራ ፈገግ አለች። አልገባትም።

ሌአንድሮ በዚያ ቤት ውስጥ ዴልፊናን «እርስዎ» ይላታል። ካቢን ውስጥ ሲገቡ «አንቺ» ትሆናለች።

*

ማሴዶኒዮ ጆሮው አይስማ እንጂ ዓይኑ ደህና ነው። ናሙናውን ሁለቴ አገላብጦ የእሷን ፈለገ። ካጣው በኋላ በዚያ በለመደው ከፍተኛ ድምፅ እኔ የጻፍኩላት የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ያቺን ስጽፍ አንድ ሌሊት ብቻዬን ስቄአለሁ አለ። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ እያዳመጠ በቃሉ አወረደው፦

«መምህርት አፓሳ መንግሥተ ሰማያት በር ደርሳ ቅዱስ ጴጥሮስን "እዚህ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ነው?" ብላ ጠየቀችው። እሱም ነገራት። "አርባ ሜትር ተሳስተሃል" አለችና ሳትገባ ቆማ ለካች።»

ሁሉም ሳቀ። ዴልፊናም ሳቀች፤ ሳቋ ከልቧ ነበር። ሲበርድ ሌአንድሮ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት እያስተካከለ፣ ቦታ ስላልበቃ ነው የወጣችው አለ። የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ነበር። ሁሉም አየው። 

ዴልፊና ኮቷን ለበሰች።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ደረሰባት። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ቆሙ። በላያቸው ካቢኖቹ ባዶአቸውን ይመላለሳሉ።

«መጥፎ ነበር?» አለችው።

«ምኑ?»

«የማሴዶኒዮ ቀልድ። መጥፎ ነበር ወይ?»

«አይደለም። ሳነበው ስቄአለሁ።»

«ታዲያ ለምን አወጣኸው?»

ዝናቡን አየ። «እናቴ ታነበዋለች። ጓደኞቿ ያነቡታል። በማሴዶኒዮ ሲስቁ በማሴዶኒዮ ነው የሚስቁት። ባንቺ ሲስቁ ግን ሌላ ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ዴልፊና። በምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ እየሰማሁት ነው ያደግኩት። ያንን ሳቅ ባንቺ እንዲስቁት አልፈለግኩም።»

«አንተ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሰማኸው። እኔ ፊቴ ላይ ነው። እናቴ ፖዬራዋን፣ ያንን ሰፊ የአገሯን ቀሚስ ለብሳ ባንክ ስትገባ አብሬያት እየገባሁ ነው ያደግኩት። ያን ሳቅ ለእኔ ልታስተዋውቀኝ ነው?»

«ልከላከልልሽ ነው የፈለግኩት።»

«ማን ጠየቀህ?»

የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ አነሣ።

«ተማሪዎቼ ኮምፓስ ይሉኛል» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «በየት በኩል ብታዞሯት ጥፋተኛውን ትጠቁማለች ይላሉ። ከኋላ ወንበር ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ያን ቀን ቤቴ ደስ ብሎኝ ነው የምገባው፤ ስለተቀበሉኝ ነዋ። ባንተ ቤት እንግዳ ላይ አይቀለድም፤ በእኛም ቤት አይቀለድም። እንግዳ ጥሩው ወንበር ይሰጠዋል፣ ይከበራል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከነሐሴ ጀምሮ ጥሩውን ወንበር ስትሰጠኝ ነው የኖርከው።»

«ስለምወድሽ ነው።»

«ስለምታፍር ነው። በእኔ አይደለም፤ አውቃለሁ። በእነሱ ነው የምታፍረው። ግን በእነሱ አፍረህ የሠረዝከው የእኔን ስም ነው።»

እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም፣ አልገፋችውምም።

«ከአዘጋጆቹም ስም አውጣኝ» አለችው። «ያኔ የአባትህ ሕግ ይሞላል። ያልተቀለደበት ሰው የቤቱ ሰው አይደለም።»

«የመጋቢቱስ እትም? የተማሪዎችሽ ሥራ?»

ይህች ወጋቻት። ዓይኗ ሲሞላ አየ። «ጥሩ ወንበር ያለው ሌላ ሰው ያርመው» ብላ ካቢኗ ውስጥ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ካቢኗ እየወጣች እየወጣች መዳፍ አከለች፣ ቀጥሎ ጥፍር። በጥር ሰው የሚመኘውን በትንሹ ያያል። ሌአንድሮ በዝናቡ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከዓይኑ እስክትጠፋ ቆመ።

*

በዚህች አገር ስድብ ያቆሰለው ሰው ብዙ ነው፤ ደግነት ያቆሰለው ግን ይበልጣል። ስድብን የሚመልሱበት አፍ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» የሚልን ሰው በምን ይመልሱታል? ጌታ ሎሌውን መምታት ቢያቆም እንኳ በእሱ ፋንታ ማሰቡን አላቆመም፤ ይህንንም ጨዋነት ብሎ ሰየመው። ሌአንድሮ ኡሪዮስቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ዴልፊና አታለቅስለትም ነበር።

በማግሥቱ ማሴዶኒዮ ሌአንድሮን መጻሕፍት ቤት ውስጥ ብቻውን አገኘው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እሱ ወጣት ሳለ ዶን ኤርናን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀልድበት የሆነውን ነገረው። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነበርኩ፣ አለ፤ ጫማዬ አንድ ነበር፣ እሱም አፉን ከፍቷል። አባትህ «መምህር ማሴዶኒዮ የአፈር መሸርሸርን በጫማው ያስተምራል» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሁሉ ጫማዬን አየ፣ እኔም አየሁት፣ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጫማዬን ከጠረጴዛ ሥር መደበቅ ተውኩ።

«አባቴ ደፋር ነበር» አለ ሌአንድሮ።

ማሴዶኒዮ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አስደገመው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ደፋርስ አልነበረም፣ አንተ ልጅ። እንደማልሰበር ያውቅ ነበር። እናትህ ገበታው ላይ የማታወጣቸው ሸክላዎች አሉ አይደል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፉ? እነሱን የምትወዳቸው ይመስልሃል? እንዳይሰበሩ ነው የምትፈራው። ፍርሃትና ፍቅር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።»

ሽማግሌው ሲወጣ ሌአንድሮ የመጨረሻውን ገጽ፣ ያንን ግማሽ ባዶ ገጽ ፊቱ ዘረጋ። የማሴዶኒዮን ቀልድ ቢመልሳት ቀላል ነበር። ግን የሰው ቀልድ ነው። ባዶውን የተወው እሱ ነው፤ የሚሞላውም እሱ መሆን አለበት። ደግሞም የሚጽፈውን ነገር እናቱ ቁርስ ላይ ታነበዋለች። እርሳሱን አነሣ።

*

ከላይ፣ ኤል አልቶ ውስጥ፣ ዶኛ ባሲሊያ ለገበያው የሚሆኑ ዶሮዎቿን እየቀባች ነበር። ከጄሶ የተሠሩ ትንንሽ አውራና ሴት ዶሮዎች ናቸው። ባል የምትፈልግ አውራ ዶሮ፣ ሚስት የሚፈልግ ሴት ዶሮ በስጦታ ያገኛል፤ ለራስ መግዛት አይሠራም። ዴልፊና አናታቸው ላይ ያለውን ኩክኒ ቀይ ትቀባለች። ስለ ትንሿ እትም፣ ስለ ግማሽ ባዶው ገጽ፣ ስለ ጣቢያው ነገረቻት። እንደ እንግዳ ነው ያየኝ፣ አለች።

እናቷ ብሩሿን አላቆመችም። «ክፉ ነገር ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንቺስ?» አለች።

«እኔ ምን?»

«ስንቴ እዚህ መጣ። ያን ሁሉ ሣጥን ስንሸከም፣ ውኃ ስናመላልስ፣ እሱ ቆሞ ያያል። ላግዝ ባለ ቁጥር "ተው፣ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ተቀመጥ" ትይዋለሽ። አባትሽን እናቴ መጀመሪያ ቀን ነው የድንች ጆንያ ያሸከመችው። እስኪያልበው። እንግዳ አይሸከምም፤ አማች ነው የሚሸከም።»

ዴልፊና የያዘችው ዶሮ ኩክኒ ከሚገባው በላይ ቀላ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እሱን ስትከስ ኖራለች፤ ክሷም ትክክል ነበር። ግን ከቤታቸው ጥሩው ወንበር ላይ ማን እንዳስቀመጠው አሁን አየች። ተራራውን አሳይታዋለች፣ አጥሚት አጠጥታዋለች፣ መልሳ በሰዓቱ ወደ ጣቢያው ሸኝታዋለች። ጥሩ አስጎብኚ ነበረች። እንዳይሰበር ፈርታ ነበር፤ ወይም ተሰብሮ፣ በቃኝ ብሎ፣ እንዳይወርድ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከጣቢያው በተመለሰች ማታ የጻፈችውን የመልቀቂያ ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። መልሳ ከተተችው። ገና አልቀደደችውም።

*

የአላሲታ ዕለት ጧት ሰማዩ ጠራ። የኤል አልቶው አደባባይ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሰው ትንንሽ ቤቱን፣ ትንንሽ የስንዴ ጆንያውን፣ ትንንሽ ፓስፖርቱን ይዞ ቀትርን ይጠብቃል። ዶኛ ባሲሊያ ዶሮዎቿን ደርድራለች፤ ዴልፊና ከጎኗ ቆማ ትሸጣለች። ከገዢዎች መካከል ተማሪዎቿ ነበሩ። አንዱ «ፕሮፌ፣ እርስዎስ አውራ ዶሮ የሚሰጥዎት አጡ?» ብሎ ጠየቃት፤ የፈተናውን ውጤት ካየህ በኋላ ራስህ ትጮሃለህ አለችው፤ ጓደኞቹ ሳቁበት።

ቀትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሌአንድሮ መጣ። ከጣቢያው ሮጦ ነው የመጣው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ አንድ እጁ ደረቱ ላይ፣ በሌላው አንዲት መዳፍ የምታክል መጽሔት። መናገር አልቻለም። መጽሔቷን ዘረጋላት።

ዴልፊና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ባዶው ግማሽ ሞልቷል። ዶኛ ባሲሊያ መነጽሯን ስላልያዘች ጮክ ብለሽ አንብቢው አለቻት። ዴልፊና አነበበች፦

«የጠፋ ነገር ማስታወቂያ። የመጽሔታችን ዋና አዘጋጅ ትንፋሹ ጠፍቶበታል። ትንፋሹ መጨረሻ የታየው ከመምህርት ዴልፊና አፓሳ ጋር ሲከራከር ነው። መምህርቷ ሦስት ሰዎች ሲነጋገሩ ሁለቱን የምታርም ናት፤ ሦስተኛዋ ራሷ ናት። ዋና አዘጋጁን በጽሑፍ አርማዋለች፣ በቃል አርማዋለች፣ አሁን በዝምታ እያረመችው ነው፤ በዝምታ የምታርመው ከሁሉም ይብሳል። ትንፋሹን ያገኘ ሰው እንዳይመልስለት ይለመናል። ባለቤቱ እዚያው፣ ከላይ፣ ከእሷ ጋር ሊኖር ይፈልጋል።»

ዶኛ ባሲሊያ ቀድማ ሳቀች። «ሦስተኛዋ ራሷ ናት» ብላ ደገመችውና ጎረቤቷን ባለ ሱቅ በክንዷ ጎሸመቻት። ከኋላ ቆመው የሰሙት ተማሪዎች «ፕሮፌን ያውቃታል» ተባባሉ። ዴልፊና አልሳቀችም። ፊደሎቹን ታያለች። ስሟ ታትሟል፤ ተቀልዶበት፣ ለሁሉም ተበትኖ።

«እናትህ አነበበችው?» አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቃል በቃል እየጣለ፣ ነገራት። ቁርስ ላይ አነበበችው፣ መነጽሯን አጥርታ ደግማ አነበበችው። ማን ጻፈው አለች። እኔ አልኳት።  ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ላይ የወጣችው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትሄድ ብቻ ነው። «በመጨረሻ» አለ «"እዚያ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" አለችኝ። ተቆጥታ ይሁን ልትመጣ አስባ አላወቅኩም። ካርታ ሣልኩላት።»

«ሰሜኑን አስተካክለህ?»

«አስተካክዬ።»

ልትስቅ ነበር፤ መጽሔቷን አጠፈችው። «እኔም በድዬሃለሁ» አለችው። «እንደ እንግዳ ነው የያዝኩህ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። አላብራራችለትም። ከድንኳኑ ኋላ ያልተከፈተ የዶሮዎች ሣጥን ነበር፤ ቀትሩ ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለቡራኬ መድረስ ያለበት። ሣጥኑን በባለ ቀለሙ የእናቷ ኩታ ጠቀለለችው። «ዙር» አለችው። ዞረ። ሸክሙን ጀርባው ላይ አድርጋ ኩታውን በትከሻው ላይ አምጥታ ደረቱ ላይ ልትቋጥረው ጀመረች። በዚህች ከተማ የኡሪዮስቴ ልጅ በጀርባው ኩታ አዝሎ አይታወቅም። ባለ ሱቆቹ ዞር ዞር ብለው አዩት። አንዷ፣ ሴት ዶሮ ሲገባው አውራ ዶሮ በሣጥን ሙሉ የሚሸከም ወንድ ዛሬ ገና አየሁ አለች። ሳቁ ከድንኳን ወደ ድንኳን ተላለፈ። ጆሮው ቀላ።

የዴልፊና እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ልትፈታው ፈለገች፤ ሸክሙን ልትቀበለው፣ ከዚያ ሁሉ ዓይን ልትሰውረው። እሱም ያን ቀልድ ሲያወጣ እጁ እንዲህ እንደነበረ ገባት። ይህን ያህል ይወዳታል። ይህን ያህል ተሳስቷል።

አልፈታችውም። ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።

«ይከብዳል?» አለችው።

«ይከብዳል» አለ፣ ትንፋሹን እየፈለገ።

«ጥሩ» አለችው፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፤ ሳቋም አብሮት እየመጣ። «ሂድ። ፊት ፊት ሂድ፤ መንገዱን ስትሳሳት አርምሃለሁ።»